ጠዋት ጠዋት የሚጨምረው ውሃ

በዚያ ጠዋት ሳሎኑ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። በመስኮቱ በኩል ባለው ሶፋ ላይ የቤቱ ባለቤት ጋሼ ደረጀ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው። ከጎናቸው አብረዋቸው የሚኖሩት ታላቅ እህታቸው እትዬ ብርቄ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው። በሩ አጠገብ ዱካ ላይ የጋሼ ደረጀ ሚስት እትዬ ወርቅነሽ፣ እግራቸው ሥር ዚፑ የተዘጋ ሻንጣ። ቡፌውን ተደግፎ የቆመው ሀብታሙ፣ ጋሼ ደረጀ ከሟች ሚስታቸው የወለዱት ልጅ። መሐል ላይ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ፊጣ፣ ዝናብ ያራሰውን ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ለሚ። የመፍቻ ቦርሳዬን ታቅፌ የት እንደምቀመጥ ሳላውቅ ቆሜያለሁ።

እያንዳንዱን ሰው በስሙና በተቀመጠበት ቦታ የምጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ መጨረሻው ትደርሱበታላችሁ።

ያኔ መቱ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ፣ ሪሲቨርና የድምፅ ማጉያ እጠግን ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የሞቱ ዕቃዎችን እየፈታሁ፣ መመሪያቸውን ከስልኬ ላይ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። ብዙ አላወራም። ደንበኞቼ «ለሚ የሚያወራው ከብሎን ጋር ነው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ጋሼ ደረጀን የማያውቅ የመቱ ሰው አልነበረም። የመቱና የቡሬ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ግን መሪ ላይ እንቅልፍ ይጥላቸው ጀመር። አዲስ አበባ ሄደው ሲመረመሩ ማታ በተኙበት ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ሌሊቱን ሙሉ ሲታፈኑ እንደሚያድሩ ተነገራቸው፤ አንድ ማሽንም ይዘው ተመለሱ። ማሽኑ የጫማ ካርቶን የማያክል ሳጥን ነው። በረጅም ቱቦ አድርጎ አፍንጫ ላይ ወደሚታሰር ጭንብል አየር ይነፋል፤ አየሩም ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍቶ ያሳድረዋል። አየሩ አፍንጫ እንዳያደርቅ ደግሞ በጎኑ ትንሽ የውሃ ዕቃ አለችው። ማሽኑ ውሃውን ከሥር እያሞቀ በእንፋሎቱ አየሩን ያረጥባል። ሶኬቱ አልገባ ሲል አንድ ጊዜ እኔ ጋ አምጥተውት ስለነበር መመሪያውን ያኔውኑ አንብቤዋለሁ።

ነሐሴ ነው። ጉሙ ከሶር ወንዝ በኩል ተነስቶ ከተማውን ውጦታል። ሱቄን ገና ስከፍት ሀብታሙ መጣ። ጎሬ ነው የሚሠራው፤ ክረምቱን ፈቃድ ወስዶ አባቱ ቤት ነበር።

«መፍቻህን ያዝና ተከተለኝ» አለኝ።

«ምን ተበላሸ?»

«የተበላሸ ነገር የለም። ማስረጃ ነው የምፈልገው።»

«የምን ማስረጃ?»

«ሴትዮዋ አባቴን በውሃ ልትገድለው መሆኑን የሚያሳይ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

እቤት ስንደርስ ኦቦ ፊጣ ቀድመውናል። «አካም ቡልተን» ብዬ እጅ ነሳሁ። ከሳቸው በቀር የመለሰልኝ የለም። ሀብታሙ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አባቴ ማታ ውሃውን በገዛ እጁ እስከ መስመሩ ይሞላል። ጠዋት ሲያየው ከመስመሩ በላይ ሆኖ ያገኘዋል። እሳት ላይ የተጣደ ውሃ ይቀንሳል እንጂ ይጨምራል? ንጋት ላይ ደግሞ ውሃ በአፍንጫው ገብቶ ሊደፋው ሲል ይነቃል። እዚያ ክፍል አብራው የምታድረው ማን ናት?»

«ቱሪ፣ ሀብታሙ» አሉ ኦቦ ፊጣ፤ ቆይ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ማሽኑ ይታይ። ወደ ሰው ከዚያ በኋላ እንመጣለን።»

«ማሽኑ በድምፁ እንቅልፍ ነሳኝ ስትል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል።»

«ብያለሁ» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «አንተም ሳሎን ተኝተህ ስታንኮራፋ እንቅልፍ ትነሳኛለህ፤ እስካሁን ግን አልገደልኩህም።»

ኦቦ ፊጣ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እትዬ ወርቅነሽ ግን አልሳቁም።

«ኦቦ ፊጣ፣ ይስሙኝ። ለሚ ይየው። ማሽኑ ነጻ ነው ካለ የከሰዓቱን የቡሬ አውቶቡስ ይዤ ወንድሞቼ ጋ እገባለሁ፤ ተመልሼም አልመጣም። ባሏን ልትገድል ነበር እየተባልኩ በዚህ ቤት አልከርምም።»

ጋሼ ደረጀ ሚስታቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ መሬቱን። ያን ትልቅ አውቶቡስ በዚያ ጭቃ ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ጋቢያቸው ውስጥ ተኮማተሩ። የፈሩት ውሃውን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። ሚስታቸውንም መፍራት ጀምረዋል።

ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ሁሉም ተከተሉኝ። ማሽኑ ከአልጋው ራስጌ ባለች ቁም ሳጥን ላይ ተሰቅሏል፤ ከላዩም አበባ የተሠራበት ነጭ ዳንቴል ለብሷል። ቱቦው ከላይ ወደ ትራሱ ቁልቁል ተንጠልጥሏል።

«ማን ነው እዚህ ያወጣው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ደረጀ። «አይጥ አለ። ደግሞ ስንት ተለፍቶ የመጣ ዕቃ መሬት ይቀመጣል?»

«ዳንቴሉስ?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ታዲያ ቴሌቪዥኑ ለብሶ እሱ ራቁቱን ይቁም?»

ዳንቴሉን አነሳሁት። የማሽኑ አየር መሳቢያ ላይ ተኝቶ ከርሟል፤ ማጣሪያዋ በክር ብናኝ ተሸፍናለች። ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። መኝታ ቤቱ ኮርኒስ የለውም። ቆርቆሮው ከሥሩ ወዝቶ ጠብታ አቅርሯል። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሻችን ይታያል። የእርጥበት መጠኑ መጨረሻው ላይ ተደርጓል። ቱቦውን ነቅዬ ወደ ላይ ሳነሳው የተኛበት ውሃ ጎርጎር ብሎ ወርዶ እጄ ላይ ፈሰሰ።

እትዬ ብርቄ አማተቡ።

«ይሄን ሰው አላፈሰሰውም» አልኩ። «ሻይ ሲፈላ የማንቆርቆሪያው ክዳን ያልበው የለ? ከማሽኑ የሚወጣው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው። ይህን ብርድ አቋርጦ ሲመጣ ቱቦው ውስጥ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ማሽኑ ከላይ ስለሆነ ውሃው ወደ ጋሼ አፍንጫ ይወርዳል።»

ኦቦ ፊጣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዱጋዳ። እውነቱን ነው።» እትዬ ወርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ሀብታሙ ግን ማሽኑን እያየ ነበር።

«ቱቦው ገባኝ» አለ። «ላብ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ታዲያ ላይ ያለው ዕቃ ውስጥ ውሃውን ከመስመሩ ያሳለፈው ምንድን ነው?»

ልክ ነበር። የውሃ ዕቃዋን ስቤ አወጣኋትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኳት። አሁንም ከመስመሩ በላይ ናት። ግድግዳዋ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል፤ ታችዋ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ ዝቃጭ ተኝቷል።

«ጋሼ፣ የሚጨምሩት የቱን ውሃ ነው?»

«ለባትሪ የምንጨምረውን ዓይነት፣ ጨው የሌለውን። ሐኪሙ ያዘዘኝ ነው። ሀብታሙ ነው የሚያመጣልኝ።» ከአልጋው ሥር የታሸገውን ጠርሙስ አወጡ። ብርሃን ላይ አየሁት፤ ምንም የለውም።

«ይህ ውሃ እንዲህ ያለ ቅርፊት አያጋግርም። አፈርም የለውም» አልኩ። «ሌላ ውሃ ተጨምሮበታል።»

እትዬ ወርቅነሽን ነጻ አወጣሁ ስል ገመዱን አጠበቅሁባቸው። ሀብታሙ አልጮኸም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሰማችሁ?» ብቻ አለ። ጋሼ ደረጀ ከሚስታቸው አንድ እርምጃ ራቁ። እትዬ ወርቅነሽ ያቺን እርምጃ አዩዋት። እኔም አየኋት።

ማሽኑ ጎን ላይ ትንሽ ካርድ አለች፤ በስልክ ውስጥ እንደምናስገባት ያለች። ማሽኑ የእያንዳንዱን ሌሊት ትንፋሽ እዚያች ላይ ይጽፋል። ካርዷን አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ በያዝኩት ላፕቶፕ ላይ ሰካሁ። የሚያነብልኝን ፕሮግራም ያን ጊዜ ማሽኑን ሲያመጡልኝ አውርጄው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤ አምስቱም በላዬ ላይ አጎነበሱ።

«ይቺ የምትወጣና የምትወርደው መስመር የጋሼ ትንፋሽ ናት» አልኩ። «ይቺኛዋ ደግሞ በጭንብሉ ጎን የሚያመልጠው አየር።»

«እና ወንጀለኛውን ፎቶ ያነሳል?» አለ ሀብታሙ።

«አያነሳም። ግን የውሃ ዕቃዋን ለማውጣት ማሽኑ መቆም አለበት። ሳያቆሙ ከሳቧት አየሩ በዚያ በኩል ያመልጥና መስመሩ ጣሪያ ይነካል። ስለዚህ ውሃ የተጨመረበትን ሰዓት መፈለግ እንችላለን።»

ያለፈውን ሌሊት ከፈትኩ። መስመሩ ጋሼ ደረጀ ከተኙበት ጀምሮ ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ቱቦው ውስጥ የሚንቦጫረቀው ላብ ነው። ንጋት ላይ ይቆማል። ባዶ ቦታ። ከዚያ እንደገና ይጀምርና ወዲያው እንደ አበደ ይዘላል፤ ጭራሹንም ይጠፋል። የፊተኛውን ሌሊት ከፈትኩ፤ እንደዚያው። የዚያን የፊተኛውንም።

«ይህ ባዶ ቦታ ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«ለሽንት የምወጣበት ነው። ጓሮ ድረስ ነው የምሄደው፤ በዚህ ጭቃ ቀስ ብዬ ነው የምረግጠው። ተመልሼ ስተኛ ነው ውሃው የሚያፍነኝ።»

የማሽኑን ሰዓት ከስልኬ ጋር አስተያየሁት። ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ናቸው። ወደ እኛ መለስኩት። «ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አለፍ ሲል ነው» አልኩ። «ከዚያ በፊት ማሽኑን የነካው ሰው የለም። በየትኛውም ሌሊት።»

መጀመሪያ የገባቸው ኦቦ ፊጣ ናቸው።

«ወርቅነሽን የሚወስዳት ባጃጅ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው የሚጮኸው። እኔን የሚቀሰቅሰኝ እሱ አይደል?»

እትዬ ወርቅነሽ መናኸሪያ በር ላይ ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ። የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ተሳፋሪ ሳይደርስ ዘይታቸው መጋል አለበት። ያ ባዶ ቦታ ሲፈጠር እሳቸው ከምድጃቸው ፊት ናቸው፤ ግማሽ መናኸሪያ ያያቸዋል።

እትዬ ወርቅነሽ ቀና አሉና ሀብታሙን ትክ ብለው አዩት።

«እኔ ስወጣ እዚህ ቤት የሚቀረው ማን ነው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳሎን የምትተኛው አንተ አይደለህም? ውሃውን የምታመጣውስ? እኔን ለማስወጣት ስትል አባትህን...»

«አፍሽን ያዢ!»

«ተዉ!» አሉ ኦቦ ፊጣ። ግን እሳቸውም ሀብታሙን ከእግር እስከ ራሱ እያዩት ነበር። ጋሼ ደረጀም አዩት። ጠዋት ከሳሽ የነበረው ሰው ፊቱ ዐመድ መሰለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠረጠርኩት።

እጄ ሥራ እንዲይዝ ብዬ ብቻ ወደ ኋላ ያሉትን ሌሊቶች መክፈት ቀጠልኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ የንጋቱ ዝላይ ጠፋ። ጋሼ ደረጀ ወጥተዋል፣ ተመልሰዋል፣ በሰላም ተኝተዋል። ከዚያ በፊት ባሉት ሌሊቶችም እንዲሁ። ዝላዩ የጀመረበትን ቀን አየሁ። ነሐሴ አንድ። ፍልሰታ የገባበት።

ወደ ውሃ ዕቃዋ ተመለስኩ። ቀዩን ዝቃጭ በጣቴ ነካሁት። ከመሬት የፈለቀ ውሃ ነው። አንገቴን ሳዞር ሳሎን ጥግ ላይ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ያለችው ትንሽ ቢጫ ጀሪካን በተከፈተው በር ታየችኝ።

እኔ ያደግሁት ከፕሮቴስታንት ቤት ነው፤ ከተማው ያውቃል። ስለዚያች ጀሪካን አንድ ቃል ከእኔ አፍ ከወጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ዝም ካልኩ ደግሞ ከዚያ ቤት ወይ ሚስት ወይ ልጅ ይወጣል። ዕቃዋን ይዤ እትዬ ብርቄ ፊት ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይህችን ዕቃ አጥቤ ውሃውን ልደፋው ነው። የትም የማይደፋ ውሃ ከሆነ የት እንደማፈስሰው ይንገሩኝ።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ። እኔን ሳይሆን ወንድማቸውን ነበር የሚያዩት።

«እግር በማይረግጠው ቦታ፣ ጽጌረዳው ሥር አፍስሰው» አሉ። «ጸበል ነው።»

«ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን ዝም አልሽ?» አሉ ጋሼ ደረጀ።

«ብነግርህ ታስቆመኛለህ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው የሠራው ዕቃ ነው ትንፋሽ የሚሰጥህ። ያ ትንፋሽ በጸበል አልፎ ይግባ ብዬ ነው። ሱባዔው እስኪያልቅ ብቻ።»

«እኔ እኮ እየታፈንኩ ነበር ብርቄ! ስጮኽ አትሰሚኝም?»

«እሰማሃለሁ እንጂ። ጸበል ቦታ ስንቱ ሲጮኽና ሲያስለው አይተናል? ለቀቀው፣ እየወጣለት ነው ብዬ በሩ ሥር ቆሜ አመሰግን ነበር። እየሞትክ አልመሰለኝም። እየዳንክ ነው የመሰለኝ።»

እትዬ ወርቅነሽ የቆሙበት ቦታ ላይ እንዳሉ «እኔስ፣ እትዬ ብርቄ?» አሉ። «ሻንጣዬን ስዘጋ አይተውኛል።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን መልሰው አፋቸው ላይ አደረጉ። ኦቦ ፊጣ ኮፍያቸውን አገላበጡ። ጋሼ ደረጀ ከነበሩበት ፍርሃት ወጥተው ለእህታቸው እንዲህ አሉ፦

«ጸበሌን በብርጭቆ ስጪኝ። በአፌ እጠጣዋለሁ። በአፍንጫዬ ግን አልችልም።»

ሀብታሙን ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ግን ወደ ልቅሶ ያደላ ነበር።

እኔ ወደ ሥራዬ ገባሁ። የውሃ ዕቃዋን በአቼቶ ዘፍዝፌ ቅርፊቱን አለቀቅሁ። ማሽኑን ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ከአልጋው ዝቅ ያለች ዱካ ላይ አስቀመጥኩት፤ ቱቦው የሚያልበው ካለ ወደ ሰው ሳይሆን ወደ ማሽኑ እንዲመለስ። ውሃው ከመስመሩ ካለፈ ማሽኑ ወደ ቱቦው እንደሚረጨው ነግሬ አስጠነቀቅሁ። የእርጥበቱን መጠን ዝቅ አደረግሁ፤ ማጣሪያዋን ወደ መስኮቱ ዞሬ አጸዳሁ። ቱቦው እንዳይበርደው እትዬ ወርቅነሽ በሰጡኝ አሮጌ የሱፍ ሻርፕ ጠቀለልኩትና ከብርድ ልብሱ ሥር አሳለፍኩት። ይህን ሁሉ ስሠራ ሰዎቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ኦቦ ፊጣ ወደ ጓሮ ወጥተው ነበር። ሀብታሙ አቼቶ ሊገዛ ሄዶ ተመልሷል። እትዬ ብርቄ ውሃውን ጽጌረዳው ሥር ሊያፈስሱ ወጥተዋል። ጋሼ ደረጀ ሳሎን ነበሩ። እትዬ ወርቅነሽ ለመንገዱ ጫማቸውን ከወጥ ቤት ሊያመጡ ሄዱ።

ጫማቸውን አድርገው ሲመለሱ ሻንጣው በሩ ሥር የለም።

«ሻንጣዬስ?» አሉ።

ሁላችንም ፈለግን። እኔ ነኝ ያየሁት። ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ማሽኑ ከወረደበት፣ አቧራ ካልነካው አራት ማዕዘን ላይ፣ ልክ መሐሉ ላይ። ዳንቴሉን ለብሶ።

«ማን ነው እዚህ የሰቀለው?»

እትዬ ወርቅነሽ ተራ በተራ አዩን። ጠዋት እሳቸውን እንዳየናቸው ዓይነት ነው ያዩን። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና አልጋው ላይ ተቀመጡ።

«እኔ አላወርደውም» አሉ። «የሰቀለው ያውርደው። እሱ እስኪያወርደው ደግሞ ማታ ማታ ማሽኑ ላይ ውሃ የሚሞሉት እትዬ ብርቄ ይሁኑ። ከጠርሙሱ፣ እስከ መስመሩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ።»

እትዬ ብርቄ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ» አሉ። ያን ዕለት ማታ ሲሞሉ ልክ መስመሩ ላይ እንዳቆሙ ሀብታሙ በኋላ ነግሮኛል። መብራቱን የያዙላቸው እትዬ ወርቅነሽ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ተለውጧል። ዛሬ ከጎሬም ከቡሬም እንዲህ ያለ ማሽን ያላቸው ሰዎች ይደውሉልኛል። አምጡት አልልም፤ እኔ እሄዳለሁ። የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደለበሰ፣ ቤቱ ኮርኒስ እንዳለው፣ ማን ቀድሞ እንደሚነሳ ሳላይ አልፈታውም። አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ሰው ካለና ያልገባችሁ ነገር ከታየ፣ ማን ይጠላዋል ብላችሁ ብቻ አትነሱ። እኛ ያን ጠዋት ሙሉ የምንፈልገው ጠላት ነበር። ብርቱ ፍቅር ያላት ሰው አጠገባችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ሻንጣው እስከ ዛሬ አልወረደም። ካርዷን ላነብ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ፤ ዳንቴሉ ታጥቦ ይመለስበታል። የጋሼ ደረጀ መስመር አሁን እንደ ሜዳ መንገድ ነው። ያንን ሻንጣ ማን እንደሰቀለው ግን ምንም ማሽን አልጻፈልኝም። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ኦቦ ፊጣ ከጓሮ ሲመለሱ እጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ሀብታሙ አቼቶውን ሲያቀብለኝ ያለከልክ ነበር። ጋሼ ደረጀ ዓይኔን ሸሽተውኛል። እትዬ ብርቄ አጭር ናቸው፤ ግን ያን ቁም ሳጥን አልጋ ላይ ቆመው መድረስ እንደሚችሉ ሁላችንም አውቀናል።

እኔ ያየሁት ይህን ያህል ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ ማጣሪያ እያጸዳሁ ስለነበር ያመለጠኝ ነገር አለ። ስማችሁን ከላይ የጠራኋችሁ፣ ያን ጠዋት እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ የጎደለውን ጨምሩበት። የሰቀላችሁት እናንተ ከሆናችሁ ግን አደራ፣ አታውርዱት።